ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበው የልምምድ ሐሳብ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ የወርክሾፖች ማኅበራችን ረቂቅ አስተያየታችሁ ተካቶበት ሰኞ ለአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይላካል። ዋናው ጥያቄያችን፣ በአምስት ዓመቱ የምህንድስና ትምህርት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ዓመት ተጠቅልሎ የሚሰጠው የተግባር ልምምድ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየክረምቱ እንዲሰጥ፣ የምዘናው ግማሽም በወርክሾፑ ኃላፊ እጅ እንዲሆን ነው።

ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ እደግፋለሁ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ የሁሉም ጭንቀት ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ከመቶ 50 እንዲያመጣ ሆኗል፤ ካሊፐር (የልኬት መሣሪያ) ማንበብና ዘንግ በልኩ ማውጣት መቻሉን የሚጠይቅ የለም። በሶፍትዌር አሳምሮ የሣለው ክፍል እኛ ዘንድ ሲመጣ የመሰርሰሪያው ጫፍ የማይደርስበት ቀዳዳ ይገኝበታል። ተማሪዎቹ የሚለማመዱባቸውን ማሽኖች የሚዘረዝረውን አባሪ እስከ ሐሙስ አዘጋጃለሁ።

ብየዳ ቤት፣ ቃሊቲ፦ ሴፍቲ ጫማውን ማን ይገዛል? ባለፈው ዓመት ከሌላ ተቋም የመጡልኝ ልጆች በነጠላ ጫማ ሞላ (ብልጭታ የሚረጨው የብረት መሞረጃ) አጠገብ ሲቆሙ ከኪሴ ገዛሁላቸው፤ ልምምዱ ሲያልቅ ጫማውን እንዳደረጉ ሄዱ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ተለማማጁ ከሠራተኛ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ካልተለየ ማኅበሩ አንድ ብር አያወጣም።

ፍሬዛ (ብረት በሚሽከረከር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) ቤት፣ ገላን፦ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ጀምረን ጫማ ላይ ቀረን።

ብየዳ ቤት፣ ቃሊቲ፦ አንተ ማሽንህ በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ብልጭታ እግር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል አታውቅም። ልጁ ቢጎዳ ፖሊስ የሚመጣው እኔ ቤት ነው።

ፍሬዛ ቤት፣ ገላን፦ እኔ ሞላ ስይዝ አንተ ገና ብረት ተሸካሚ ነበርክ። አነጋገርህን አርም።

አሉሚኒየም ማቅለጫ፣ ቂሊንጦ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ጫማው በውሰት ይሰጥ፣ ተማሪው መያዣ ያስይዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ መያዣውን ማን ተቀብሎ በየትኛው ደረሰኝ ይመዘግበዋል? ወላጁ የላከለትን የታክሲ ገንዘብ ከሚቆጥብ ልጅስ ምን ይያዛል?

ሊቀመንበር፦ ፍሬዛ ቤትና ብየዳ ቤት ማምሻውን ደውላችሁልኛል፣ ነገሩ በርዷል። ጫማውን፣ መነጽሩንና የአደጋ ዋስትናውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍን ብለን እንጻፍ።

ፍሬዛ ቤት፣ ገላን፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ። የምዘናው ግማሽ ግን እንዳይጠፋ፤ ነጥብ ካልሰጠን ተማሪው ፊርማ ፈልጎ ብቻ ይመጣል።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ አልፏል፤ ቶርኖ ቤት አባሪውን አልላከም፣ ስልኩም አይነሳም። የማሽኑ ዝርዝር ሳይኖር ምን እንደምንመዝን ማስረዳት ስለማንችል የምዘናውና የክረምቱ ልምምድ አንቀጾች ለጊዜው ወጥተዋል። ሰኞ የሚሄደው ደብዳቤ ስለ መከላከያ ቁሳቁስና ስለ ዋስትና ብቻ ነው።

ብየዳ ቤት፣ ቃሊቲ፦ የጫማው ቁጥር ከ38 እስከ 45 ተብሎ ይጠቀስ።

አሉሚኒየም ማቅለጫ፣ ቂሊንጦ፦ ሴት ተማሪዎችም ስላሉ ከ36 ይጀምር።