የዳማከሴ ኤክስትራክት ማክሮፌጅን ቀሰቀሰ፤ ቅጠሉ ነው ወይስ ኢንዶቶክሲን?

ሰላም፣ የሴል ላብ ሥራ የምታውቁ እርዱኝ፣ መላው ጠፍቶኛል።

በጥላ የደረቀ የዳማከሴ ቅጠል፣ 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80% ሜታኖል ለ72 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ በ40 ዲግሪ በሮታሪ ኢቫፖሬተር ተነነ። የቀረውን ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በዲኤምኤስኦ አሟምቼ ራው 264.7 ሴሎች (የአይጥ ማክሮፌጅ፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሴሎች) ላይ እጨምራለሁ (ዲኤምኤስኦው ከ0.1% አያልፍም)። ለምች የሚታሽ ቅጠል ስለሆነ ብግነት ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። በ100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ግን ያለ ኤልፒኤስ (ብግነት ቀስቃሹ የባክቴሪያ ኢንዶቶክሲን) ብቻውን ናይትራይት (የብግነት ምልክት) ያስወጣል።

ኤልፒኤስን ይዞ የሚያከሽፈው ፖሊሚክሲን ቢ 10 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ሲጨመር የኤልፒኤስ ኮንትሮሉ ጭራሽ ይጠፋል፣ የኤክስትራክቱ ግን በግማሽ ያህል ብቻ ይወርዳል። የቀረው ከቅጠሉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የቅጠሉ ታኒን (ፖሊፌኖል) ፖሊሚክሲኑን ይዞት ይሆናል። ማፍላትም አይለይልኝም፣ ኤልፒኤስ ሙቀት ይችላል። የሊሙለስ (የኢንዶቶክሲን) ምርመራም ቤታ ግሉካን (ከፈንገስ ወይም ከተክል የሚመጣ ፖሊሳካራይድ) ካለ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ኤምቲቲውንማ (ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውን በቀለም የሚለካውን) አላምነውም፤ ሴል በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ኤክስትራክቱ ራሱ ቀለሙን ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል። በግሪስ (በናይትራይት መለኪያው) በኩል የአረንጓዴውን ቀለም ንባብ እየቀነስኩ ስለሆነ እሱ አያሳስበኝም።

የምጠይቃችሁ፦ ሪኮምቢናንት ፋክተር ሲ (ቤታ ግሉካን የማያሳስተው የኢንዶቶክሲን ምርመራ) በእንዲህ ዓይነት ፖሊፌኖል የበዛበት ናሙና ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ስንት እጥፍ አቅጥናችሁ? ታክ-242 ቲኤልአር4ን (ሴሉ ኤልፒኤስን የሚለይበትን ተቀባይ) ዘግቶ ናይትራይቱ ከቀጠለ፣ ከቅጠሉ ነው ለማለት ይበቃል? ታኒኑን በፒቪፒፒ (ፖሊፌኖል በሚይዝ ዱቄት) ብቀንሰውስ፣ የምፈልገውን ንጥረ ነገር አብሮ አይወስድብኝም?