አባቴን በርገር ቤት ልውሰደው ወይስ ይቅር?

የቢቸናው፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ጥያቄዬ ያስቃል፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እህቴ በሐምሌ ከፖሊ ትመረቃለች። ለቤታችን የመጀመሪያዋ ኢንጂነር ናት። አባቴም ለምርቃቷ ከቢቸና ይመጣል፣ በሞጣ በኩል፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። እኔ ጣና ዳር ጸጥ ያለ ቦታ ይዤ ዓሣ ጉላሽና ጥብስ አስቤ ነበር። እሷ ግን ፔዳ አካባቢ ያለው በርገር ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። አምስት ዓመት ሙሉ የጓደኞቿ ልደት ሲሆን አንድ በርገር ለሦስት ስትካፈል ነው የኖረችው። «አሁን አንዱን ሙሉውን፣ ብቻዬን፣ አባዬ እያየኝ» ትላለች። ምን ይባላል?

ቤቱን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ስፒከሩ ደረት ይደልቃል። ወንበሩ ረጅም ነው፤ እግር መሬት አይነካም። አባቴ ደግሞ ሰባውን ያለፈ ገበሬ ነው። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ነው የሚመጣው። ምግብ ሲቀርብ ተነሥቶ ይባርካል። ማስታጠቢያ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ክምር ዳቦ ፊቱ ሲቀመጥ ታየኝ። እውነቱን ልናገር? እኔ እንዳላፍር ነው የምፈራው።

ሌላው ደግሞ ሥጋው ነው። ባለፈው አንድ ቤት የበላሁት ገለባ ነበር፤ ውኃ ካልጠጡበት አይወርድም።

ባለባጃጁ፦
መጀመሪያ ቀኑን አጣራ። ሐምሌ 5 ሳይገባ፣ የሰኔ ጾም ሳይፈታ እንዳታስበው። ከዚያ በኋላም ረቡዕና ዓርብ አሉ። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ቀዳዳህ ጠባብ ናት።

ሰዓቱን 6 ተኩል አድርገው። ያን ጊዜ ዲጄው እንቅልፉን አልጨረሰም። አስተናጋጇን ቀድመህ አናግርና ጥግ ላይ ያለችውን ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ታስቀምጥልህ፤ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ነው የሚሰጧት። ሜኑው ላይ ቫት ካልገባበት 15 በመቶ ጨምረህ ያዝ። ሒሳቡን ደግሞ አባትህ እንዳያዩት። ስንት ቁና ጤፍ ነው ብለው ያሰሉታል፣ ከዚያ ምሳው አበቃ።

ጥብስ ይሻላል፦
አባትን የሚያህል ሰው ዳቦ በሥጋ? ወይ ዘንድሮ!

ምድጃ ጀርባ፦
በርገር ጠባሽ ነኝ፣ አንተ ያልከው ቤት ግን አይደለም የምሠራው። ገለባ ያልከው ገብቶኛል። የእኛ በሬ ዘመኑን ሁሉ ሲያርስ ኖሮ ነው ለቢላ የሚቀርበው። ሥጋው ቀይ ነው፣ ስብ የለውም። ቀዩን ብቻ ፈጭተህ ብረት ላይ ብትጥለው ይደርቃል። እኔ አራት እጅ ቀይ፣ አንድ እጅ ሻኛ አድርጌ ነው የማስፈጨው። ጨው ቀድሜ አልለውስበትም፤ ከተለወሰ እንደ ቋሊማ ይጠጥራል። ብረቱ ላይ ላስቀምጠው ስል ብቻ እነሰንስበታለሁ። መሀሉን በአውራ ጣቴ ጎድጎድ አደርገዋለሁ፣ አለዚያ ሲበስል እንደ ኳስ ይነፋል። በመገልበጫው ተጭኖ የሚያንጫጫውን ጠባሽ ካየህ ውጣ። ያ ጭስ የምትከፍልበት ጭማቂ ነው።

አንድ አደራ። አባትህ ሥጋ አዋቂ ከሆኑ «ለብለብ አድርጉልኝ» ማለታቸው አይቀርም። እንዳትስማማ። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ጀርሙ ባብዛኛው ላይ ላዩን ነው። ሲፈጭ ግን ላዩና ውስጡ ይደባለቃል። መሀሉ 71 ዲግሪ ሳይደርስ አላወጣም፣ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። (ክትፎስ እንዳትሉኝ። ክትፎ ላይ አፌን አልከፍትም።)

የቢቸናው፦
ወሰድነው! ማክሰኞ፣ 6 ተኩል፣ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ።

ማስታጠቢያ ሲጠብቅ እህቴ ክንዱን ይዛ ቧንቧው ጋ ወሰደችው። በርገሩ መጣ። አባቴ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ባረከ። ረጅም ነው የባረከው፤ የተመራቂዋን፣ የአስተማሪዎቿን፣ የከብቱን፣ የዝናቡንም ጨምሮ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ሲጨርስ አጠገባችን ያሉት ተማሪዎች ሁሉ «አሜን!» አሉ። አንዱማ በርገሩን ከአፉ መልሶ ነው የጠበቀው።

ከዚያ የላይኛውን ዳቦ በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ውስጡን አየ። «ክዳን አለው» አለ። መልሶ ከደነው። ቢላ አስመጣና እንደ ድፎ ቆራረሰው። የመጀመሪያውን ለእህቴ አጎረሰ። ሁለተኛውን ለእኔ። ከዚያ የእሷን ሳህን ሳብ አድርጎ እሱንም ቆረሰው! ካቻፑ በክንዱ እየወረደ ነው፣ እሱ ግን ለአስተናጋጇ ጉርሻ ይዞ ቆሟል። ሙሉውን ብቻዬን ያለችው ልጅ ሩቡን ያገኘች አይመስለኝም። እየሳቀች እያለቀሰች ነበር።

ሥጋውን «ደኅና ነው» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። ችፕሱን ግን አገላብጦ አየውና «ይሄ እኛ የምንዘራው ድንች አይደል?» ብሎ ዋጋውን ጠየቀ። ባለባጃጁ፣ ምክርህ ትዝ ስላለኝ ዋሸሁት።

የእኔን ግማሽ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ «ለእናታችሁ» ብሎ። ዛሬ ጠዋት ተሳፍሯል።

ምድጃ ጀርባ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! ግን ወንድሜ፣ የበሰለ ሥጋ ከማዮኔዝ ጋር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አያድርም። ቶሎ ደውልና አስጥለው። ለእናትህ እኔ ትኩስ እሠራላታለሁ፣ ትምጣ።

የቢቸናው፦
ዘግይተሃል። ሞጣ ላይ ሆኖ ደውሎ ነበር። ለእናትህ አትንገር ብሎኛል፣ አዴት ሳይደርስ ነው የበላው። እስካሁን ሆዱ ደኅና ነው።