ጥቆማ፦ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከሥራቸው ለማጥናት የቱ ይሻላል?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ናችሁ? የእንግሊዝኛ ቃል አልበረክትልኝ አለ። ዛሬ ሃያ አጠናለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሦስቱ ይቀሩኛል። ሰሞኑን ግን "ፖርት" በላቲን "መሸከም" እንደሆነ አነበብኩ። ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ፖርተብል በአንዴ ገቡኝ። በዚሁ ልቀጥል አስቤያለሁ። መጽሐፍ ልግዛ፣ አፕ ልጫን ወይስ ኦንላይን ኮርስ ልመዝገብ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ሌሊት አንባቢ፦
አንኪን ጫኚ፣ በካርድ ቃል የሚያስጠና አፕ ነው። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል። ካርዱን ግን ራስሽ ሥሪው። ከፊት ቃሉን፣ ከኋላ ሥሩንና አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ ሰው የሠራውን አውርጄ ሁለት ሳምንት አልቆየሁበትም።

ተቃጥያለሁ፦
ኮርስ እንዳትሞክሪ! ስሙን አልጠራም፣ ከፍዬ ተምሬያለሁ። መምህሩ "ኒውስ" የሰሜን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የደቡብ መነሻ ፊደላት ነው አለን። ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ለማሳመር ተናገርኩት። አንዷ ባልደረባዬ ስልኳን አውጥታ "ከኒው የመጣ ነው እኮ፣ አዳዲስ ነገሮች እንደማለት" ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች። አለቃዬ ሳይቀር ሳቀ። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል መልስ የለም።

ዝምታ ወርቅ፦
የትኛው ኮርስ ነው? በውስጥ ላክልኝ።

ብራና፦
የሮም ወታደር ደመወዙ ጨው ነበርም ብሎሃል?

ተቃጥያለሁ፦
አዎ! ያውም በመጀመሪያው ቀን!

ብራና፦
አውቄዋለሁ። "ሳላሪ" ከጨው መምጣቱስ እውነት ነው፣ "ሳል" በላቲን ጨው ነው። ወታደሩ ጨው ተሰፍሮለት ይሄድ ነበር ለሚለው ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

የግዕዝ ልጅ፦
የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ግዢና እረፊ። "ጸሐፈ" ካልሽ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ተከትለው ይመጣሉ። "ነገረ" ካልሽ ንግግር፣ ነጋሪ፣ ነጋሪት።

ሌሊት አንባቢ፦
የጠየቀችው እንግሊዝኛ ነው።

የግዕዝ ልጅ፦
መጀመሪያ የራስን። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ መዝገበ ቃላት ገልጬ አላውቅም።

አሽሙር፦
ያስታውቃል። "ሲስተር" ከ"ስስት" መጣች እስክትለን እየጠበቅን ነው።

የግዕዝ ልጅ፦
ሳቅ። መዝገበ ቃላቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ብራና፦
ኧረ አትጣሉ፣ በአማርኛ መጀመሩ ሞኝነት አይደለም። ኤጲስ ቆጶስ የግሪክ ቃል ነው። "ኤፒ" በላይ፣ "ስኮፖስ" ተመልካች። ቴሌስኮፕና ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለው "ስኮፕ" ዘመዱ ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ ያንኑ ኤጲስ ቆጶስ ከግራም ከቀኝም ቆርጠው ቆርጠው "ቢሾፕ" አደረጉት። መኪናም የጣልያኖቹ "ማኪና" ነው፤ ማሽንና ሜካኒክ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እህቴ፣ እነዚህን መቼም አትረሺያቸውም።

ግን ሥሩን አትመኚው። "ናይስ" የመጣው "አላዋቂ" ከሚል የላቲን ቃል ነው። ዛሬ ሰው ናይስ ቢልሽ አትቀየሚ። "ዲሴምበር" ውስጥ ያለው ዐሥር ነው፣ ወሩ ዐሥራ ሁለተኛ። "ፊሜል" ውስጥ "ሜል" የተደበቀ ይመስላል፤ በሥር አይገናኙም፣ በኋላ ነው አጻጻፋቸው የተመሳሰለው። እኔ መጀመሪያ በሥሩ እገምታለሁ። ከዚያ ዊክሽነሪ የሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ የቃሉን አመጣጥ አያለሁ፣ ነፃ ነው። ግምቴ ከሳተ ደስ ይለኛል። የሳትኩት ቃል አይጠፋኝም።

ሌሊት አንባቢ፦
ይሄንን አንኪ ላይ ብታደርጊው ደግሞ...

አሽሙር፦
አንኪ ኮሚሽን ይከፍልሃል እንዴ?

ቃል ፈላጊ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ኤጲስ ቆጶስን ለወንድሜ ነግሬው አላምን አለኝ። እግረ መንገዴን፣ ካቻቢቴስ?

ብራና፦
ጣልያንኛ ነው። "ቪቴ" ብሎን፣ "ካቻ" ደግሞ "አስገባ፣ ግፋ" ከሚለው።

ዝምታ ወርቅ፦
ተቃጥያለሁ፣ የኮርሱን ስም አልላክልኝም እኮ።

ተቃጥያለሁ፦
ተወኝ ወንድሜ። አሁን ራሱ ኢሜይል ላኩልኝ። ሁለተኛው ደረጃ ተጀምሯል፣ ለነባር ተማሪ ቅናሽ አለው ይላሉ።