የሰርቪስ ቤት ወለል ላስሞላ ነው፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። ግራ ገብቶኛል። ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ወለሏን ኮንክሪት ላስሞላ ነው። 4 በ6 ሜትር ናት። ሰፈሩ ሰሚት ነው፣ አፈሩም ጥቁር። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል።

ሁለት ኮንትራክተሮች አይተውታል። አንደኛው ከነማቴሪያሉ ልያዘው፣ ግማሹን ቅድሚያ ስጠኝ አለ። 5 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል ባይ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ከሆነ 2.4 ሜትር ኩብ ይመጣል። ለአንድ ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢባል ከ8 ኩንታል በላይ ነው። ቀሪውን በምን ሊሞላው ነው? በአሸዋ?

ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የጠየቀው፤ ዕቃውን እኔ ልገዛ። ረጋ ያለ ሰው ነው። እንጨት አንስቶ አፈሩን ወጋ ወጋ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ካልወጣ ድካም ነው» አለኝ። 50 ሳንቲ ተቆፍሮ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ይሞላ፣ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ከላዩ ድንጋይ ይነጠፍ ነው የሚለው። ልቤ ወደሱ ነው፤ ኪሴ ግን ወደ መጀመሪያው ያደላል።

ያሠራችሁ ሰዎች፣ ውሉን እንዴት ጻፋችሁ? ክፍያውስ በስንት ዙር? ዕቃ ለምናስቀምጥባት ክፍል ብረት መግባት አለበት ወይ? ደግሞ ከተሞላ በኋላ ሳምንት ሙሉ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው፣ እነሱ ወይስ እኔ? እኔ እንደሆነ ማታ ነው ቤት የምገባው።

ዝናቡ ሳይገባ መጨረስ ስላለብኝ ቶሎ በሉልኝ።