የ15 ዓመት ልጅ የሚያስቅ ልቦለድ ትፈልጋለች፣ ምን ልስጣት?

ጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ጋ ባሕር ዳር ናት። 15 ዓመቷ ነው፣ መስከረም ላይ 10ኛ ክፍል ትገባለች። ማንበብ አትጠላም፣ ግን የጀመረችውን አትጨርስም። ባለፈው ሳምንት እኔ በጣም የምወደውን አንድ ወፍራም ልቦለድ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ገጽ 18 ላይ ታጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምነው ተውሽው? ስላት፣ "አክስቴ፣ ሁሉም ሰው ያለቅሳል፣ ያላለቀሰው ደግሞ ይሞታል። የሚያስቅ የለሽም?" አለችኝ።

መደርደሪያዬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እውነቷን ነው። እስር ቤት፣ ጦርነት፣ ስደት፣ የከሸፈ ፍቅር። እኔ እነዚህን እያነበብኩ ነው ያደግኩት፣ አንዱንም አልጥለውም። ግን ጓደኞቿ ሁሉ አዲስ አበባ ለቀሩባት፣ ዝናብ ቤት ለዘጋባት ልጅ እንዴት ብዬ ሌላ ሐዘን ላሸክማት?

ትናንት መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ጋ ሄጄ "ለ15 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ የሚያስቅ ልቦለድ አለህ?" አልኩት። መጀመሪያ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አነሳልኝ። ቀጥሎ ስለ ስኬት የሚያወራ። ቀጥሎ የተረት መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለው። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ሁሉን ገለባብጦ ፈልጎልኛል። ለሕፃን ተረት አለ፣ ለአዋቂ ልቦለድ አለ፣ መሀል ላይ ላለ ልጅ ግን ቦታው ባዶ ነው።

እስኪ በቅርቡ ያነበባችሁትን ንገሩኝ። የአሁኑን ኑሮ የሚያወራ ቢሆን ጥሩ ነው። የመኝታ ቤት ወሬ የበዛበት ግን አልፈልግም፣ ለእናቷ መልስ መስጠት አለብኝ።

ፔዳ ግቢ የነበርኩ

እህቴ፣ ልቦለድ ብቻ ካላልሽ የአሌክስ አብርሃምን "ዶክተር አሸብር እና ሌሎች" ስጫት። አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ለእሷ ደግሞ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የጀመረችውን የማትጨርስ ልጅ አንድ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ስትጨርስ "ጨረስኩ" ማለትን ትለምዳለች።

እኔ ያነበብኩት ወደ ዘጌ ስሄድ ጀልባ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ውሃውን ያያል፣ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ። አፌን በእጄ ይዤ ነበር፣ አልቻልኩም። አጠገቤ ጌሾ ሸጠው የሚመለሱ አንዲት እናት ነበሩ፣ ባዶ ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። "ምን አገኘህ ልጄ?" አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? አንዱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ግማሹ ላይ ስደርስ ከኋላችን የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ወደ እኛ ተጠግተው ነበር። እናትየዋ ሳቃቸው ሲመጣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። አንብቤ ስጨርስ "እንዲህ ያለ ሰው እኛም ቀበሌ አለ" አሉ። ጥሩ አስቂኝ ጽሑፍ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፣ ያነበብሽውን ሰው ጎረቤትሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

በእውቀቱ ስዩምንም ሳልጠቅስ አላልፍም። "እንቅልፍና ዕድሜ" እና "መግባትና መውጣት" ልቦለዶች ናቸው፣ በ2008 የወጣው "ከአሜን ባሻገር" ደግሞ ወግ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለእሷ ልቦለዶቹን ትንሽ ቆይተሽ፣ 17 እና 18 ስትደርስ ስጫት። የእሱ ቀልድ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ካላነበብሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ወጎቹን ግን አንቺ መርጠሽ አንዳንዷን ብታቀምሻት ጥሩ ነው።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር

ልጆቼ፣ እኔ የምለውን ስትሰሙ ትደነግጡ ይሆናል። የሚያስቅ ከተባለ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ስጧት።

አውቃለሁ፣ በ1958 የታተመ ነው፣ መጨረሻውም ሐዘን ነው። ግን እኛ መምህራን ይህን መጽሐፍ በድለነዋል። ቆራርጠን ፈተና አደረግነው። "የሰብለ ወንጌልን ባሕርይ ግለጽ" እያልን ልጆቹ እንዲፈሩት አደረግን። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰው ያነበበው እንደሆነ ግን ሳቅ የሞላበት ነው። ባሎቿ እየሞቱባት "ገፊ" ተብላ የተፈራችውን ውድነሽ በጣሙንና ዕድሜው ገፍቶ ትዳር ያልያዘውን ቦጋለ መብራቱን አስቧቸው። ፊታውራሪ መሸሻን አስቧቸው፣ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፋ እያሉ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ሲመልሱ። ጉዱ ካሳን አስቡት፣ እውነት ስለተናገረ ብቻ እብድ የተባለውን። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃሜ ናቸው፣ የጎጃምን ሰው ከነአነጋገሩ ነው ያስቀመጡት። ታሪኩ የሚጀምረውም ማንኩሳ ነው። በእውቀቱም የማንኩሳ ልጅ መሆኑን ስታስቡት ያ አገር ለቀልድ ምን ዓይነት አፈር እንዳለው ይገርማችኋል።

ዘዴው ግን አለ። መጽሐፉን ሰጥተሽ አትተያት። ማታ ማታ አሥር ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ለጆሮ የተሠራ ነው።

ዓባይ ማዶ

መምህር፣ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። እኔ 19 ዓመቴ ነው፣ ያ ዕድሜ ገና ትናንት ነው ያለፈኝ። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ፊታውራሪ ስትሰማ ትምህርት ቤት ነው የሚመጣባት። መጀመሪያ የምትፈልገው ራሷን የሚመስል ሰው ነው። ስልክ የያዘ፣ ከእናቱ ጋር የሚጨቃጨቅ፣ ታክሲ የሚጋፋ። ፊታውራሪው በኋላ ይደርሱባታል።

እኔን አንባቢ ያደረገኝ "ዴርቶጋዳ" ነው። የይስማዕከ ወርቁ። አያስቅም፣ እውነቱን ልናገር፣ ግን ከእጅ አይወርድም። ሰዎች "የማይሆን ነገር ነው፣ የተጋነነ ነው" ይላሉ። ይበሉ። እኔ በየቀኑ የማየው ጣና፣ ገዳማቱ፣ እንደዚያ ያለ ምስጢር ሲይዙ ሳነብ በማግስቱ ወደ ውሃው ሄጄ ደሴቶቹ ወዳሉበት አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። የማውቀው ቦታ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ያን ቀን ነው የገባኝ፣ የእኛም ከተማ ታሪክ ሊጻፍባት ይችላል ለካ። ስትጨርሰው "ራማቶሐራ" ይከተላል፣ ስለዚህ ክረምቱን ይገፋላችኋል።

ፍቅር ካማራት ደግሞ የሲሳይ ንጉሡ "ሰመመን" አለ። አቤልና ትዕግሥት፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ። የድሮ ነው፣ ግን አንድ ልጅ የሚወዳትን ልጅ ማናገር ሲያቅተው ያለው ጭንቀት ዛሬም ያው ነው። እዚያም ሳቅ አትጠብቂ።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ብዙ መጽሐፍ ይለቀቃል፣ እባክሽ ከዚያ አታውርጂላት። መጽሐፍ ተወዷል፣ አውቃለሁ። የቻልሽውን ግዢ፣ ያልቻልሽውን ተከራዪ። መያዣ ከፍለሽ ወስደሽ ስትመልሺ ገንዘብሽን የሚመልሱ አሉ። ያ የሚያስቅ ልቦለድ እንዲጻፍልን ከፈለግን የሚጽፈው ሰው እንጀራ መብላት አለበት።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር

ስለ ፒዲኤፉ እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ስለ ሌላው ግን አልተሸነፍኩም። ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጣና ዳር

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

"ዶክተር አሸብር"ን ገዛሁላት። ምንም አላልኳትም፣ ሶፋው ላይ ብቻ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ያ መጽሐፍ ሶፋው ላይ የለም። ክፍሏ በር ላይ ስደርስ ስትስቅ ሰማኋት። ስልክ እያየች መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። እናቴ እኛ ጋ ናት፣ ዓይኗ ስለደከመ ማንበብ ከተወች ቆየች። ልጅቷ የስልኳን መብራት አብርታ "አያቴ ይሄን ስሚ" ብላ አንዷን ታሪክ ጀመረችላት። እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ "እስኪ ድገሚልኝ" አለች። ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ሽሮውን ረስቼው ሊያር ነበር።

ስለዚህ መምህር፣ ያሉኝን ሞከርኩ። ዓርብ ማታ ራሴ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። ውድነሽ ጋ ስደርስ ግን እናቴ አቋረጠችኝ፣ "ገፊ የምትባል ሴትማ እኛም አገር ነበረች" ብላ የራሷን ታሪክ ጀመረች። ከመጽሐፉ አራት ገጽ ብቻ ነው የተነበበው፣ የቀረው ሰዓት በእናቴ ወሬ አለቀ። ልጅቷ አንድም ጊዜ ስልኳን አላነሳችም። እሁድ ዕለት "ዛሬ የለም እንዴ?" ብላ የጠየቀችው እሷው ናት። አሁን ገጽ 60 አካባቢ ነን። ገና ማንም አልሞተም፣ ከውድነሽ የቀድሞ ባሎች በስተቀር፣ እሱም እናቴን አስቋታል።

ዓባይ ማዶ፣ አንቺም ልክ ነሽ። ብቻዋን ስትሆን የምታነበው የራሷን ዘመን ነው፣ የድሮውን ከእኛ ጋር ሆና ነው የወደደችው። ትናንት ደግሞ ከእኔ ጋር ውሃው ዳር ሄደን ስለ "ዴርቶጋዳ" ስነግራት "የእውነት ጣና አለበት?" ብላ ቆመች። ልገዛው ስሄድ አላገኘሁትም፣ አዟሪው በሳምንቱ አመጣለሁ ብሎኛል። እስከዚያ ሊያውሰኝ የሚችል ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ጥግ ሳላጥፍ፣ በጋዜጣ ለብጄ እመልሳለሁ።