ፕሮግራማችን ውስጥ የቱን የፕሮግራም ቋንቋ እናስገባ? ሉዋ፣ ፓይተን ወይስ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕት)?

ጦሳ፦ ሰላም ጓዶች። ኮምቦልቻ ላለ አንድ ባለመጋዘን የዕቃና የደረሰኝ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ሠርቻለሁ። ሰውየው የቅናሽ ሕጉን በየሳምንቱ ይቀይራል። በቀየረ ቁጥር ኮዱን እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሬ (ኮምፓይል አድርጌ)፣ ፍላሽ ይዤ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ሕጉ ኮምፓይል በማይፈልግ ስክሪፕት ይጻፍ፣ ስክሪፕቱን አንብቦ የሚያስኬደው ኢንተርፕሪተርም እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ ሉዋ እላለሁ። ተቃውሞ ካለ ዛሬ ይምጣ።

ቦርከና፦ አለ እንጂ! ሉዋን እዚህ ማን ያውቀዋል? ነገ አዲስ አበባ ሥራ አግኝተህ ብትሄድ ስክሪፕቱን ማን ይነካዋል? ፓይተንን ግን ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ሁሉ ይሞክረዋል።

ጦሳ፦ የካሸሯን ኮምፒውተር አይተኸዋል? ራሙ 2 ጊጋ ነው። ሉዋ ከነላይብረሪው (አብረውት ከሚመጡት ዝግጁ ኮዶች ጋር) ጥቂት መቶ ኪሎባይት ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል፣ ሪዮ ውስጥ ከተሠራ ጀምሮ ሥራው ሌላ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ነው። ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥም አለ። ቅናሽ ለማስላት ፓይተንን ከነጓዙ መሸከም ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መከራየት ነው።

ሐይቅ፦ ስለ መጠን ብቻ አታውሩ። ማታ ሉዋን ሞከርኩት። «በርበሬ» ስንት ፊደል ነው ብለው 12 አለኝ። አራት እኮ ነው! የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ኮድ) አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ደረሰኙ ላይ የዕቃ ስም 20 ቦታ ይያዝ ስለው የበርበሬው ዋጋ 8 ቦታ ወደ ግራ ገባ፣ የስኳሩ 6። ዓምዱ እንደ ሐረጎ መንገድ ተጠማዘዘ።

ጦሳ፦ አብሽሪ፣ ሉዋ ከስሪት 5.3 ጀምሮ የዩቲኤፍ-8 ላይብረሪ አለው። በእሱ ቁጠሪ፣ 4 ይልሻል።

ሐይቅ፦ እኔስ አወቅኩ፣ ነገ የሚጽፈው ልጅስ? ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባውን የጄኤስ ኢንተርፕሪተር፣ ኩዊክጄኤስን እዩት። እሱም ትንሽ ነው። ዌብ የነካ ሁሉ ጄኤስ ያውቃል። በርበሬንም ሳይለምኑት 4 ይላል።

ፒያሳ፦ ፈቃዱስ? ልንሸጠው ነው እኮ።

ሐይቅ፦ ሉዋም ኩዊክጄኤስም ኤምአይቲ በሚባለው ነፃ ፈቃድ ናቸው። ሽጡት፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ብቻ አብራችሁ አኑሩ።

ፒያሳ፦ ሰውየው የማያልቅ ሉፕ (ድግግሞሽ) ጽፎ ወረፋው በር ድረስ ቢደርስስ?

ጦሳ፦ ሉዋ ላይ ይህን ያህል ትእዛዝ ከሮጠ አቁመው ማለት ይቻላል። ፋይል የሚነካውን ላይብረሪ ደግሞ ጭራሽ አልከፍትለትም። ፓይተንን እንዲህ ማሰር የታወቀ ራስ ምታት ነው።

ሐይቅ፦ ኩዊክጄኤስም ማቋረጫ አለው፣ የሜሞሪ ጣሪያም ይቀበላል።

ጦሳ፦ ጄኤስ ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሪና ነይ፤ ልክ 0.3 አይወጣም። ብር ነው የምንቆጥረው!

ሐይቅ፦ እሱ ሉዋም ላይ ያው ነው። በሳንቲም ቁጠር፣ ነጥቡን ስታትም ጨምር።

ጦሳ፦ እሺ፣ የበርበሬውን ደረሰኝ ላኪልኝ። በጄኤስ እሞክረዋለሁ፤ ግን የካሸሯ ማሽን ላይ።

ቦርከና፦ ፓይተንን ቀበራችሁት ማለት ነው?

ፒያሳ፦ አንተ ራም ግዛላትና እናወጣዋለን።