ማሟሟቂያ ጥያቄ ግማሹን ክፍለ ጊዜ እየበላብኝ ነው፤ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ጠመኔ_በእጄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አካባቢ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የሒሳብ ክፍለ ጊዜን በየቀኑ በማሟሟቂያ ጥያቄ ጀምሩ ተብለናል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሌላ ነው። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ነው የሚቀመጡት። አስር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ጎበዞቹ ወዲያው ጨርሰው መረበሽ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ገና ሦስተኛውን እየገለበጡ ነው፣ ከዚያ እርማት ስንል፣ "ቲቸር እኔ ልሥራ"፣ "ቲቸር እኔ" ሲባል ከ40 ደቂቃው 20ው ያልቃል። የዕለቱን ትምህርት ገና ስጀምረው ደወል። ደግሞ እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው።

ስንት ጥያቄ ነው የሚበቃው? ምን ዓይነት? በሰዓት ይሁን ወይስ ዝም ብሎ? ፎቶ ኮፒ የሚባል ነገር ብቻ አታምጡብኝ፣ ወረቀት የለም።

የድሮ_መምህር፦
እህቴ፣ አስሩን ወደ አራት አውርጂው። አራት ይበቃል። ሁለቱ ከትናንት ትምህርት፣ አንዱ ካለፈው ወር፣ አንዱ ከ5ኛ ክፍል ይሁን። ሰው የተማረው ነገር የሚጸናለት ሊረሳው ሲል እንደገና አስታውሶ ሲያወጣው ነው፣ ይሄ በጥናትም የታየ ነው። ስለዚህ አስሩም ጥያቄ ከትናንትናው ርዕስ ከሆነ ልጆቹ ትናንት የሠሩትን ነው የሚደግሙት፣ ጥቅምት ላይ የተማሩት እስከ ጥር ጠፍቶ ይጠብቅሻል።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ቀድመሽ ጻፊ እንዳልልሽ ሌላ መምህር ይዞታል። እኔ የማዳበሪያ ጆንያ ገልብጬ በማርከር እጽፍበታለሁ። እንደገባሁ ግድግዳ ላይ መስቀል ብቻ ነው። ለከሰዓቱ ፈረቃም ያገለግላል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ልጆቹ ጥያቄውን አይገልብጡ። ተራ ቁጥሩንና አሠራሩን ብቻ ይጻፉ። የአንቺ ሃያ ደቂቃ ግማሹ የሄደው በመገልበጥ ይመስለኛል።

አሁን ዋናው ነገር። ሲሠሩ ጠረጴዛሽ ጋ አትቁሚ። ዙሪ። የ60 ልጅ ደብተር ማየት አይቻልም፣ ግን ዛሬ በአንዱ ረድፍ ነገ በሌላው ብትሄጂ አብዛኛው ልጅ የት ላይ እንደሚሳሳት ታውቂያለሽ። ከዚያ አራቱንም ማረም አያስፈልግም። ሦስቱን መልሱን ብቻ ተናገሪ፣ የተበላሸውን አንዱን ሰሌዳ ላይ አውጪው።

ምሳሌ ልስጥሽ። 1/2 + 1/3 በይ። ክፍሉ ውስጥ 2/5 የሚል መልስ በብዛት ታገኛለሽ፣ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምረው። "ተሳስታችኋል፣ ታህቱን አንድ አድርጉ" ብለሽ ከሄድሽ ነገም ያንኑ ይሠራሉ። ይልቅ "ግማሽ እንጀራ ሰጠሁህ፣ ሲሶ ጨመርኩልህ፣ ታዲያ 2/5 ከግማሽ አይበልጥም እኮ፣ እንጀራው ወዴት ሄደ?" በያቸው። ይስቃሉ። ያኔ ነው ወደ 3/6 እና 2/6 መቀየሩ ትርጉም የሚሰጣቸው፣ 5/6 ደግሞ ከአንድ ሙሉ ትንሽ የሚያንስ መሆኑን ያዩታል።

አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እርማት። ያልጨረሰ ልጅ ቢኖርም ይቁም። ሁሉም እስኪጨርስ መጠበቅ ከጀመርሽ ተመልሰሽ እዚያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነሽ።

አባትየው፦
መምህር አይደለሁም፣ ግን ልጄ 5ኛ ክፍል ናትና ልናገር። በሰዓት ይሁን ወይ ላልሽው፣ እባካችሁ መምህራን ይሄን ነገር አስቡበት። የእሷ መምህር ሰዓት ይዞ "ቀድሞ የጨረሰ ይነሳ" ይላል አሉ። ልጅቷ ቤት ስጠይቃት 7 ሲባዛ በ8ን ጥርት አድርጋ ትመልሳለች። ክፍል ውስጥ ግን ከጎኗ ያሉት ሲነሱ ስታይ ያገኘችውን ቁጥር ጽፋ ትነሳለች። ደብተሯን አይቼ ነው የምናገረው፣ በማታውቀው የተሳሳተች አይደለችም፣ ከመነሳት ላለመቅረት የጻፈችው ነው። ለአስተማሪው ብነግረው "ለሚኒስትሪ ፈተና ፍጥነት ያስፈልጋቸዋል" አለኝ። ገና 5ኛ ክፍል!

እኛ ወላጆችስ ቤት ምን እናድርግ? አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ እኛ ከተማርነው ይለያል፣ ማስረዳቱ ያቅተኛል።

የዘጌ_ቡና፦
አባትየው፣ ልክ ነህ፣ መነሳት የሚባለውን እኔም አልወደውም። ግን ፍጥነትን ጭራሽ እንተወው ከተባለ አልስማማም። የማባዛት ሰንጠረዥ ምላስ ላይ መሆን አለበት። 24/56ን አቃልል ስትለው 7 ሲባዛ በ8ን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ፣ ቆጥሮ እስኪጨርስ ምን እየሠራ እንደነበር ይረሳዋል። በ8 መካፈሉን ቶሎ ካየው 3/7 ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እኔ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ማባዛትን ብቻ በሰዓት አሠራለሁ። ልጁ የሚወዳደረው ካለፈው ዓርብ ውጤቱ ጋር ነው። ቁጥሩን ደብተሩ ጀርባ ላይ ለራሱ ይጽፋል። ማን ስንት አገኘ ብዬ አልጠይቅም።

የቤቱን ላልከው፣ መጽሐፉን ተወው። ሱቅ ላካት፣ ባለ ሱቁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ስንት እንደሚመለስላት አስልታ ትጠብቅ። ስትመለስ "እንዴት አድርገሽ አሰብሽው?" ብለህ ጠይቃት። ከመልሱ ይልቅ መንገዱን ትንገርህ። ከ200 ላይ 137 ስትቀንስ አንዳንዱ ልጅ ከ137 ወደ 140፣ ከዚያ ወደ 200 እየቆጠረ ይወጣል፣ 3 እና 60 ብሎ 63 ይላል፣ እና ይሄ ሰሌዳ ላይ ከምናሳየው መዋስ የበለጠ ፈጣን ነው።

ጠመኔ_በእጄ፣ አንቺ ደግሞ ከአካባቢው ጥያቄ አውጪ። ለምሳሌ የሰዓት ነገር። "አውቶብስ ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳ። ጎንደር በግምት 180 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ስንት ሰዓት ይደርሳል?" 15 ሰዓት ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። ሌላው፦ ከ1 ሰዓት ከ40 እስከ 3 ሰዓት ከ15 ስንት ነው? ብዙዎቹ 1 ሰዓት ከ75 ደቂቃ ይሉሻል፣ 315 ሲቀነስ 140 አድርገው ስለሚሠሩት። መልሱ 1 ሰዓት ከ35 መሆኑን ለማሳየት ሲዋሱ 100 ሳይሆን 60 መሆኑን ማስታወስ በቂ ነው። የቀን መቁጠሪያችን ደግሞ ለቃል ሒሳብ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30። "ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ከመስከረም 1 ጀምረን ስንቆጥር ስንተኛው ቀን ነው?" አራት ሠላሳ፣ መቶ ሃያ፣ ሲደመር 11፣ 131።

እኔ የምወዳት ግን የጣናዋ ናት። የሐይቁ ርዝመት ወደ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ ወደ 66 ነው ይባላል። መጀመሪያ ገምቱ እላቸዋለሁ፦ 80 ሲባዛ 70፣ 5,600። ከዚያ በትክክል፦ 5,544። ቀጥዬ "የሐይቁ ስፋት ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ለምን?" ስል ዝም ይላሉ። ከዚያ አንድ ልጅ "ቲቸር ጣና እኮ ሬክታንግል አይደለም" ይላል። አምስት ደቂቃ አይበቃትም፣ እሱን ልንገርሽ። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ አድርጊያት።

ጠመኔ_በእጄ፦
አመሰግናለሁ፣ ጆንያውን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል፣ ግን አራት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ እኮ ደብተር ማየት ዋጋ የለውም። አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ይገለብጣሉ። ስዞር ሁሉም ልክ ነው። ፈተና ላይ ይወድቃሉ።

የፔዳ_ልጅ፦
ሰላም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ፣ ትርፍ ጊዜዬን ልጆች አስጠናለሁ። ኩረጃውን በጣት መፍታት ይቻላል። አንዷን ጥያቄ በምርጫ አድርጊያት፣ የተሳሳቱት አማራጮች ልጆቹ በእውነት የሚሠሯቸው ስህተቶች ይሁኑ። ለምሳሌ 0.25 እና 0.3 የትኛው ይበልጣል? 0.25 የሚል አንድ ጣት፣ 0.3 የሚል ሁለት፣ እኩል ናቸው የሚል ሦስት። ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ስጪያቸውና "አንድ፣ ሁለት፣ አውጡ!" ስትዪ ሁሉም እኩል ጣቱን ደረቱ ላይ ያድርግ። ከፍ ካደረጉት ከኋላ ያለው ያያል። እኩል ስለሚያወጡ የጎረቤትን ለማየት ጊዜ የለም፣ አንቺ ደግሞ 60ውን ልጅ ባንድ እይታ ታያለሽ። አንድ ጣት የበዛ እንደሆነ ወደ ግራም አምጪው፦ ሩብ ኪሎ ቡና 250 ግራም፣ 0.3 ኪሎ ደግሞ 300።

ጎበዞቹ ጨርሰው ይረብሻሉ ላልሽው አንድ ጨዋታ አለኝ። 13 ሲባዛ 24። በግራ 13ን እያጋመስን እንወርዳለን፣ ትርፉን እየጣልን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጥፍ እናደርጋለን፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ሙሉ ቁጥር የሚባለው፣ ለሁለት ያለ ቀሪ የሚካፈለው ማለቴ ነው፣ ካለበት መስመር የቀኙን እንሰርዘዋለን። እዚህ 6 ስላለ 48 ይሰረዛል። የቀረው 24፣ 96፣ 192 ሲደመር 312። በውጭ መጻሕፍት ይሄን "የኢትዮጵያ ማባዛት" ብለው ይጠሩታል፣ ሌሎች ደግሞ ለግብፅ ወይ ለሩሲያ ይሰጡታል። "ለምን ይሠራል?" ብለሽ ለቀድሞ ጨራሾቹ ስጪያቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያሰኛቸዋል።

የዘጌ_ቡና፦
የፔዳው ልጅ፣ ጣቱ አሪፍ ነው፣ ሰርቄሃለሁ። እጥፉን ግን ለሁሉም ልጅ እንዳትሰጪው፣ መደበኛው ማባዛት ያልገባው ልጅ ሁለቱን ይደባልቃል።

ጠመኔ_በእጄ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ውጤቱን ለተከታታይ ምዘና ልያዘው? ቢያንስ ከአምስት?

የድሮ_መምህር፦
አትያዢው። ነጥብ ያለበት ነገር ላይ ልጅ ስህተቱን ይደብቃል፣ አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ስህተቱን ነው። ኩረጃውም ይብሳል። ለምዘናው በየሁለት ሳምንቱ ከማሟሟቂያዎቹ ውስጥ አምስት ጥያቄ መርጠሽ፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይረሽ፣ አጭር ፈተና ስጪ። ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ጆንያ ሱቅ ውስጥ ከጠፋ ወፍጮ ቤት ጠይቂ፣ ያኛው ግን ዱቄት ስላለበት አጥበሽ አድርቂው፣ ማርከሩ አይዝም።